የራበውን ሰው ችኩል ማለት፦ ስለ አመጋገብ መታወክ ንዑስ ዓይነቶች የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን በባሕር ዳር በተማሪዎችና በወላጆች ዘንድ እየተነበበ ያለ አንድ ጽሑፍ የአመጋገብ መታወክ ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ይከፍላል። በአንድ ወገን ምግብ የሚቀንሱ፣ ዝምተኞች፣ ራሳቸውን የሚገዙ «ጨዋዎች» አሉ። በሌላው ወገን በልተው የሚያስመልሱ፣ ራሳቸውን መግዛት ያቃታቸው «ችኩሎች» ቆመዋል። መክፈያው ቢላዋ ግብታዊነት ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ብዙ ይደመድማሉ፤ ግብታዊነት አንድ ወጥ ጠባይ ነው፣ በ10 ጥያቄ ይለካል፣ ንዑስ ዓይነቱ እንደ ደም ዓይነት አይለወጥም፣ «ጨዋዎቹ» ብዙም አያሰጉም፣ ጿሚ በሆነ ሕዝብ ዘንድ ሕመሙ እምብዛም አይገኝም ይላሉ። መድኃኒቱ ፈቃድን የሚያጠነክር ረዘም ያለ ጾም ነው፤ በሕሙማን ካርድ ላይም «ግብታዊ ዓይነት» ተብሎ ይጻፍ ይላሉ። ማሰሪያቸው «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ነው።

ዝም ብለን ልናልፈው ያልቻልነው ስለ ጾሙ በተሰጠው ምክር ምክንያት ነው። ደጋግሞ የሚያስመልስ ሰው ላይ ረጅም ጾም መጨመር ልቡን እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል። ወደዚያ እንደርሳለን። አስቀድመን ግን ጸሐፊው እውነት የያዙበትን ቦታ እንመን።

ግብታዊነትና ይህ ሕመም አብረው መነሣታቸው ከሜዳ የመጣ ነገር አይደለም። የለንደኑ የአእምሮ ሐኪም ጄራልድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1979 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የ30 ሕሙማንን ሁኔታ ጽፎ ከቁጥጥር ውጭ በልቶ በማስመለስ ወይም በመሳሰለው ለማካካስ ሕመም «ቡሊሚያ ነርቮሳ» የሚለውን ስም ሲያወጣ፣ የአኖሬክሲያ ነርቮሳ፣ ማለትም ምግብ በመገደብ እጅግ የመክሳት ሕመም፣ አስጊ መልክ አድርጎ ነበር ያቀረበው። በዓመቱ ሁለት ጥናቶች ተከተሉ። አንዱ ሆስፒታል የተኙ 105 የአኖሬክሲያ ሕሙማንን አይቶ 47 ከመቶ የሚሆኑት በየጊዜው ከቁጥጥር ውጭ እንደሚበሉ አገኘ። ሌላው 141 ሰዎችን አይቶ ከዚያ ብዙም ያልራቀ ቁጥር ላይ ደረሰ። ከቁጥጥር ውጭ በሚበሉት ዘንድ መስረቅ፣ መጠጥ ማብዛትና ራስን የመጉዳት ሙከራ ከሌሎቹ ይበልጥ ታይቷል። በ1986 ደግሞ ሌሲ እና ኤቫንስ የተባሉ ሐኪሞች ብዙ ግብታዊ ጠባዮች ስለተደራረቡበት አንድ ቡድን ጻፉ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በ1994 እትሙ አኖሬክሲያን «ገዳቢ» እና «በልቶ የሚያስወጣ» ብሎ ለሁለት የከፈለው ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ ነው።

ነገር ግን መመሪያው የከፈለው በሚታይ ድርጊት እንጂ በጠባይ አይደለም። ሕመምተኛው ከቁጥጥር ውጭ ይበላል ወይ? ያስመልሳል ወይ? የሚያስቀምጥ ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ይወስዳል ወይ? የ2013ቱ እትም ደግሞ «ባለፉት 3 ወራት» የሚል ቃል ጨመረበት። ችኩል ነው ወይስ ረጋ ያለ የሚል መስፈርት በየትኛውም እትም የለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሚያስመልስ ሰው ጠባዩ ምንም ይሁን ምን ዛሬውኑ ፖታሲየሙ፣ ማለትም ልብ በደንብ እንዲመታ የሚያስፈልገውና በማስመለስ የሚጎድለው የደም ማዕድን፣ መለካት አለበት።

የ1980ዎቹ ግኝት አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ ስለ አንድ ሰው ጥቂት ነው የሚናገረው። የጣና አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍተኛው 14 ሜትር ይደርሳል። በታንኳ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው ግን ከሥሩ ያለውን ውኃ በዘንጉ እንጂ በአማካዩ አይለካም። በልተው ከሚያስመልሱት መካከል ደብተራቸውን በቀለም የሚለዩ፣ አንዲት ስሕተት እንቅልፍ የምትነሣቸው ብዙ ናቸው። በ2002 በወጣ ጥናት 136 የአኖሬክሲያ ሕመምተኛ ሴቶች ሲታዩ በሁለቱ ንዑስ ዓይነቶች መካከል በሱስም፣ በመስረቅም፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ በመኖሩም ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዌስተን እና ሃርንደን ፊሸር የተባሉ ተመራማሪዎች የሕሙማኑን ጠባይ በራሱ ሲመድቡ ሦስት ዓይነት አገኙ፤ ፍጹምነትን የሚሹ፣ ራሳቸውን እጅግ የሚያፍኑ፣ ስሜታቸውን መግራት የሚቸግራቸው። እነዚህ ሦስቱ የሕመሙን ስሞች አቋርጠው ነው የሚሄዱት።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ቃሉ። ጸሐፊው ግብታዊነትን አንድ ነገር አድርገው ይዘውታል። አማርኛችን ራሱ አይስማማቸውም። ሳያመዛዝን የሚወስነውን ችኩል እንለዋለን። ሲከፋው ወይም ሲናደድ ያ ስሜት እስኪበርድለት ያገኘውን የሚያደርገው ግልፍተኛ ነው፤ እርግጥ ቃሉ ለቁጣ ያደላል፣ እዚህ ላይ ግን ኀዘንንና ሐፍረትንም መጨመር ያስፈልጋል። አደጋ ያለበት ነገር የሚስበው ጀብደኛ ይባላል። ሥራ ሲሰለቸው ጥሎ የሚነሣውን ደግሞ ጀምሮ የማይጨርስ እንለዋለን። ዊትሳይድ እና ላይናም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 የግብታዊነት መለኪያዎችን አንድ ላይ ሰብስበው ሲፈትሹ የደረሱት ከሞላ ጎደል ወደነዚሁ አራት ነው። በደስታ ጊዜ የሚመጣው ግፊት በኋላ አምስተኛ ሆኖ ገባ። አንድ ሰው በአንዱ ከፍ ብሎ በሌላው ዝቅ ሊል ይችላል።

ከቡሊሚያ ጋር በጥብቅ የተያያዘው የትኛው ነው? በ2008 የቀደሙ ጥናቶችን አጠቃልሎ ያየ ትንተና ያለ ጥርጥር ለሁለተኛው፣ ማለትም ክፉ ስሜት ሲመጣ ለሚነሣው ግፊት ፈረደ። «ሳያስቡ ማድረግ» የሚባለው ከዚያ እጅግ ደካማ ዝምድና ነው ያለው። ይህ ልዩነት በሕክምና ክፍል ውስጥ ትልቅ ነው። ችኩል ለሆነ ሰው «ቆም ብለህ አስብ» ማለት ይጠቅም ይሆናል። በሐፍረት ለሚነድ ሰው ግን ያ ምክር ሌላ ሐፍረት ነው፤ እሱ የሚያስፈልገው ስሜቱን ያለ ምግብ የሚያሳልፍበት መንገድ ነው።

በዚያ ላይ ከቁጥጥር ውጭ የሚበላ ሰው ብዙ ጊዜ አቅዶ ነው የሚበላው። ባለ ሱቁ እንዳይጠረጥር ዳቦውን ከሦስት ሱቅ ይገዛል። የቤቱ ሰው ቅዳሴ እስኪሄድ ይጠብቃል። ለማስመለስ የሚመቸውን ምግብ ያስቀድማል፣ የቧንቧው ድምፅ ያን ድምፅ እንዲሸፍን ያደርጋል። ይህን ችኮላ ማለት ቃሉን ትርጉም ማሳጣት ነው። መብላቱ ከተጀመረ በኋላ ማቆም አለመቻሉ እውነት ነው፤ እሱ ግን ከመነሻው የተለየ ጉዳይ ነው።

«ጨዋዎቹ»ንም እንያቸው። «ዛሬ ጥቂት ብር ይሻልሃል ወይስ ቆይቶ ብዙ?» በሚል ፈተና የአኖሬክሲያ ሕሙማን ከጤነኞች ይበልጥ መታገሣቸው በ2012 ታትሟል። ጸሐፊው ቢያዩት ይደሰቱበት ነበር። በ2015 የወጣው ተከታይ ጥናት ግን ክብደታቸው ሲመለስ ያ የተለየ ትዕግሥት እንደ ጠፋ አሳየ። ትዕግሥት መስሎ የታየው ከረኀቡ ጋር የመጣ፣ ከረኀቡም ጋር የሄደ ነበር ማለት ነው።

ስለ 10ሩ ጥያቄዎች ብዙ ማለት አያሻም፤ አንድ መሠረታዊ ስሕተት አለባቸው። ከዐሥሩ ስድስቱ ስለ ምግብ ይጠይቃሉ፤ ምግብ ሳይ ራሴን መግዛት ያቅተኛል፣ ከበላሁ በኋላ ይጸጽተኛል፣ እና የመሳሰለው። ቡሊሚያ ያለበት ሰው ለነዚህ «አዎ» ማለቱ የሕመሙ ትርጓሜ ነው። በሕመሙ ምልክት ጠባይን ለክቶ፣ ተመልሶ ጠባዩ ሕመሙን አመጣው ማለት ክብ ላይ መዞር ነው። በመስኩ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው የባራት የግብታዊነት መጠይቅ 30 ጥያቄ አለው፤ ስለ መብላት አይጠይቅም። እሱም ቢሆን በኮምፒውተር ከሚሠሩት፣ «አቁም» የሚል ምልክት ሲመጣ እጅን መግታት ከሚጠይቁ ፈተናዎች ጋር የሚስማማው በጥቂቱ ነው፤ የተለያየ ነገር ይለካሉና። ጠባይን መለካት የግድ ካስፈለገ ሰውየው መደበኛ አመጋገብ ይዞ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ይለካ። የተራበን ሰው ጠባይ ለክቶ የራሱ ነው ማለት ትኩሳት ያለበትን ሰው «ተፈጥሮው ሙቅ ነው» እንደማለት ነው።

ረኀብ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ በደንብ ተጽፎ ያለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1944 አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ይዞ ሙከራ ጀመረ። ወጣቶቹ በኅሊና ምክንያት ጦርነት አንሄድም ያሉ፣ በአካልም በአእምሮም ጤንነታቸው ተመርምሮ የተመረጡ ነበሩ። ለ24 ሳምንታት ምግባቸው ከለመዱት ወደ ግማሽ ገደማ ተቀነሰ፤ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለዚህ ክርክር ዋናው። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ፣ አንዱን ሳህን ለሰዓታት ያጓትቱ ነበር። ጥቂቶቹ ሥርዓቱን ጥሰው ከቁጥጥር ውጭ በሉ፤ ምግብ እስከ መስረቅ የደረሰም ነበር። ሙከራው አልቆ እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው እንኳ ሆዳቸው እየሞላ አልጠግብ ያሉ ብዙ ነበሩ።

ከላይ በ1980ዎቹ ጥናቶች ውስጥ «መስረቅ» የግብታዊነት ምስክር ሆኖ መቅረቡን አስታውሱ። ያው መስረቅ በሚኒሶታ ከሙከራው በፊት ጠባያቸው ተጣርቶ በተመረጡ ሰዎች ላይ በረኀብ ብቻ መጣ። ለዚህ ነው አንድን ከቁጥጥር ውጭ የሚበላ ሰው ስንገመግም «ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ከማለታችን በፊት «ትናንት ስንት ሰዓት ላይ ምን በላህ?» የምንለው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ቁርስ የለም፣ ምሳ ላይ ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ ማታ 3 ሰዓት ላይ መሶቡ ይከፈታል።

ንዑስ ዓይነቱ አይለወጥም የተባለው በቀላሉ ይፈታል። ያው 136 ሴቶችን የተከታተለው ጥናት በ8 ዓመት ውስጥ «ገዳቢ» ከነበሩት 62 ከመቶዎቹ ወደ ሌላው መሻገራቸውን አገኘ፤ ከቁጥጥር ውጭ መብላትንም ሆነ ማስወጣትን በመደበኛነት ሳይለማመዱ የቆዩት 12 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2008 የታተመው የ216 ሴቶች ክትትልም በ7 ዓመት ውስጥ ከአኖሬክሲያ ሕሙማኑ ከግማሽ በላይ በሁለቱ ንዑስ ዓይነቶች መካከል እንደተመላለሱ፣ ሲሶው ያህል ደግሞ ወደ ቡሊሚያ እንደተሻገሩ ያሳያል። ዛሬ «ጨዋ» የተባለችው ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ችኩል» ልትባል ነው፤ ልጅቷ ግን ያችው ናት። ቡሊሚያም በ1994 እትም «የሚያስወጣ» እና «የማያስወጣ» ተብሎ ተከፍሎ ነበር፤ በ2013 ክፍፍሉ ተሠረዘ፣ ሐኪሞች እምብዛም አልተጠቀሙበትምና።

«ጨዋዎቹ አያሰጉም» ለሚለው አንድ ቁጥር ይበቃል። በ2011 የታተመ የሞት ጥናቶች ጥንቅር በ1,000 ሰው በዓመት ከአኖሬክሲያ ሕሙማን 5.1፣ ከቡሊሚያ ሕሙማን 1.7 ሞት ቆጥሯል። በአኖሬክሲያ ከሞቱት ከአምስት አንዱ ራሱን ያጠፋ ነው። ዝምተኛዋን ልጅ «አንቺ ደህና ነሽ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ስለ ሞት ታስብ እንደሆነ በቀጥታ፣ በለሰለሰ ድምፅ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም።

ጾሙን በተመለከተ ዘለግ አድርገን መናገር አለብን፤ እዚህ ጣና ዳር የሚኖር ማንም ሰው ይህን ጉዳይ በውጭ መጻሕፍት ብቻ ሊፈታው አይችልም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። ሙስሊሙ ረመዳን አለው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «ራስን መግዛት የለመደ ሕዝብ ይህ ሕመም አይነካውም» ይላሉ። የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ ሕመሙ ጾሙን መሸሸጊያ ያደርገዋል። በፍስክ ቀን ምሳ ያልበላች ልጅ ትጠየቃለች፤ በጾም ቀን ያልበላች ልጅ ትመሰገናለች።

ጿሚውንና ሕመምተኛውን ለመለየት የሚያገለግለው የጾሙ መጨረሻ ነው። ጿሚው 9 ሰዓትን ይጠብቃል፤ ሲደርስ ከቤተሰቡ ጋር በደስታ ይበላል። ለፋሲካ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው አያስፈራውም። ሕመሙ ያለበት ሰው ግን ማፍሰኪያው ሲቃረብ ይጨነቃል፤ ጾሙን በራሱ ያራዝማል፣ ማንም ባልጠየቀው ቀን ይጾማል፣ ዘይት ከወጡ ላይ ይቀፍፋል፣ ከማፍሰኪያ በኋላ ብዙ በላሁ ብሎ «ለመካስ» ይጾማል። የመጨረሻው በሕክምና ቋንቋ ከማስመለስ ጋር አብሮ ከሚቆጠሩት የማካካሻ ድርጊቶች አንዱ ነው። ቤተ ክርስቲያንም የታመመን ሰው እንዲጾም አታስገድድም። የንስሐ አባት በሕክምናው ውስጥ ቀድመው ቢገቡና «ልጄ፣ ለጊዜው ብይ» ቢሉ፣ ሐኪሙ በወር የማይፈታውን ጸጸት በአንድ ቀን ያቀልላሉ።

ሕመሙ አይታይም ከተባለ፣ የማይታይበት ሌላም ምክንያት አለ። ሰው እዚህ «መወፈር እፈራለሁ» ብሎ አይመጣም። «ጨጓራዬ» ብሎ ይመጣል። ሲንግ ሊ የተባለው የሆንግ ኮንግ ሐኪም በ1990ዎቹ ውፍረትን ሳይፈሩ በ«ሆድ መነፋት» ምክንያት ምግብ ስለሚከለክሉ የአኖሬክሲያ ሕሙማን ጽፏል። የእኛም ጨጓራ እንዲሁ መታየት አለበት፤ የጨጓራ መድኃኒት ለወራት ወስዶ ያልተሻለውና እየከሳ የሄደ ሰው ስለ አመጋገቡ ይጠየቅ።

ጫትም ይጠየቅ። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትንም ጊዜ ያዘገያል። ከምሳ ጀምሮ የቃመ ሰው ሌሊት ላይ ረኀቡ ሲነቃ መሶብ ቢገለብጥ ቡሊሚያ ይመስላል። ለመክሳት ብሎ የሚቅምም አለ። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ጫቱ በማይኖርበት ሳምንት ምን እንደሚበላ ሲጠየቅ ነው። ደግሞም ክብደት መቀነስ ሁሉ የአእምሮ ጉዳይ አይደለም። ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤችአይቪ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ እጢ፣ በጣና ዙሪያ ደግሞ ቢልሃርዚያና የአንጀት ተውሳክ አስቀድመው ይመርመሩ።

«ከልክ በላይ በላ» የሚለውንም በእኛ ገበታ መለካት ያስቸግራል። የአሜሪካው መመሪያ በአጭር ጊዜ፣ ለምሳሌ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ አብዛኛው ሰው በተመሳሳይ ሁኔታ ከሚበላው በግልጽ የበለጠ መሆን አለበት ይላል። እዚህ ግን አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ይበላል፣ ጉርሻ አለ፣ ሰርግና ፋሲካ አለ። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ለእኛ ይበልጥ ይስማማል፤ መጠኑ ብዙ ባይሆንም ማቆም አለመቻሉን ያያል። የሚረዱ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ስትበይ ማቆም ትችይ ነበር? ቆመሽ፣ ከድስቱ፣ ማንም ሳያይ ነው? ከመሶቡ ስንት እንጀራ ጎደለ? ከዚያስ ምን አደረግሽ?

አሁን ወደ ምክሩ። ማስመለስ የጨጓራ አሲድና ውኃ ያስወጣል። ሰውነት ውኃውን ለማዳን ሲል ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ያዛል፤ ኩላሊትም በምትኩ ፖታሲየምን በሽንት ይጥላል። ስለዚህ አብዛኛው ፖታሲየም የሚጠፋው በትውከቱ ሳይሆን በሽንት ነው፤ «ዛሬ አላስመለስኩም» ማለት ደኅንነት አይደለም። ጤናማው መጠን በሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ነው። ከ3 በታች ሲወርድ ሰውየው ደህና ነኝ ቢልም ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሣ፤ ከ2.5 በታች የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። ማግኒዥየም ዝቅ ካለ ፖታሲየሙ ቢሰጥም አልስተካከል ይላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ከሌሊት እስከ 9 ሰዓት ያለ ውኃ መጾምን ጨምሩበት፤ ያውም ዐቢይ ጾም በሚውልበት በመጋቢትና በሚያዝያ፣ የባሕር ዳር ቀትር 30 ዲግሪ ገደማ በሚደርስበት ጊዜ። ውኃው ሲጎድል ኩላሊት ይበልጥ ፖታሲየም ይጥላል፤ ምግብ ስለሌለ የሚተካ አይገባም። የልብ መዝለል፣ የጡንቻ መዛል፣ መንዘር ወይም ራስን መሳት የታየበት ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ፈለገ ሕይወት፣ ወደ ጥበበ ግዮን ወይም ወደሚቀርበው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

ጾሙ ልብን ባይጎዳ እንኳ ሕመሙን ያባብሰዋል። ረኀብ ከቁጥጥር ውጭ መብላትን ይጠራል፣ መብላቱ ሐፍረትን፣ ሐፍረቱ ማስመለስን፣ ያም እንደገና ጾምን። ሕክምናው ይህን ቀለበት የሚሰብረው በረኀቡ በኩል ነው። በሰፊው የተፈተነው የንግግር ሕክምና ክብደታቸው እጅግ ላልወረደ ሰዎች 20 ቀጠሮ በ20 ሳምንት ነው፤ የመጀመሪያ ሥራውም መደበኛ አመጋገብ ነው። ሦስት ምግብና ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ፣ በመካከላቸው ከ4 ሰዓት ያልበለጠ። በእኛ ሰዓት ሲሆን፣ ጠዋት 1:00 ቁርስ፣ ፍርፍር ወይም ገንፎ። 4:00 ሙዝ ወይም ቆሎ። 6:30 ምሳ፣ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ሲገኝም ዓሣ። 10:00 ሻይ በዳቦ። ማታ 1:30 እራት። ሰዓቱ ሲደርስ ረኀብ ኖረም አልኖረም ይበላል፤ ከቁጥጥር ውጭ ከበሉ በኋላም ቀጣዩ ምግብ አይዘለልም። የሚሳሳቱት አብዛኞቹ እዚህ ላይ ነው፤ ትናንት አብዝቻለሁ ብለው ዛሬ ቁርስ ይተዋሉ፣ ማታ መሶቡ እንደገና ይከፈታል።

ከምግብ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ከባድ ነው። ለዚህ ቡናችን ይጠቅማል፤ ከምሳ በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ያ ሰዓት ከሰው ጋር ያልፋል። ማንም እንደ ፖሊስ አይከታተል፣ ጨዋታው ይቀጥል። በባዶ ሆድ በምግብ ፋንታ የሚጠጣ ቡና ግን አይረዳም።

ሰና መኪ ወይም ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ለክሳት የሚወስዱ አሉ። መድኃኒቱ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ ምግቡ ደግሞ አብዛኛው ትንሹ አንጀት ውስጥ ተመጥጦ አልቋል። የሚወርደው ውኃ ነው። ለወራት የወሰደ ሰው ሲያቆም እግሩና ፊቱ ለአንድ ሁለት ሳምንት ሊያብጥ ይችላል፤ አስቀድሞ ካልተነገረው ወፈርኩ ብሎ ይመለስበታል። ስለ ጥርስም አንድ ቃል፤ ካስመለሱ በኋላ ወዲያው መቦረሽ በአሲድ የላላውን የጥርስ ሽፋን ይፍቃል። በውኃ ወይም ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ መጉመጥመጥ ይሻላል።

እጅግ የከሳ ሰው ግን ከላይ ያለውን የምግብ ሰሌዳ በቤት ውስጥ አይጀምር። ከረጅም ረኀብ በኋላ ምግብ በድንገት ሲገባ ኢንሱሊን ይነሣል፣ ፎስፌትና ፖታሲየም ከደም ወደ ሴል ይገባሉ፣ ልብና መተንፈሻ ሊዝሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሆስፒታል ውስጥ፣ አስቀድሞ ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ተሰጥቶ፣ አደጋው ከፍ ላለበት ሰው በኪሎ ክብደት በቀን ከ10 ኪሎካሎሪ ያልበለጠ ይጀመራል የሚል መመሪያ አለ። እዚያው ላይ ማቆየት ግን ሌላ ረኀብ ነው፤ ደሙ እየታየ በየቀኑ ይጨመራል። ላቦራቶሪው ፎስፌት የማይሠራ ከሆነ የእግር እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠርና የልብ ምት በቅርብ ይታዩ።

መድኃኒት ሲታሰብ ለቡሊሚያ በደንብ የተፈተነው ፍሉኦክሰቲን ነው፤ የሚሠራው መጠን በቀን 60 ሚሊግራም ሲሆን፣ ለድብርት የተለመደው 20 ብዙ ጊዜ አይበቃም። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ስለሚቀሰቅስ ለእነዚህ ሕሙማን አይታዘዝም። ሁለቱንም የሚወስነው ሐኪም ነው።

ጸሐፊው በካርድ ላይ «ግብታዊ ዓይነት» ተብሎ ይጻፍ ያሉት ቀረ። ያ ቃል ለሚቀጥለው ሐኪም ምንም የሚያሠራው ነገር የለም፤ ካርዱን አጮልቃ ለምታይ ልጅ ግን «ሆዳም» ከመባል አይለይም። በምትኩ የሚጻፈው ይህ ነው፦ የሕመሙ ስም፤ ባለፉት 3 ወራት የታየው ድርጊት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሆነ፤ የመጨረሻው ፖታሲየምና የተለካበት ቀን፤ በምግብ መካከል ያለው ረጅሙ ክፍተት በሰዓት፤ ድርጊቱ የሚብሰው በየትኛው ስሜት እንደሆነ፤ ጫት፣ መጠጥ፣ ሰና መኪ አለ ወይም የለም፤ ስለ ሞት ሐሳብ ተጠይቆ የተመለሰው፤ ንዑስ ዓይነቱ እንደገና የሚታይበት ቀጠሮ፣ ከ3 ወር በኋላ።